የወይዘሮ አመተሥላሴ ግንባርና ስምንት ገጹ ቅጽ

ወይዘሮ አመተሥላሴ ግንባራቸው ላይ ያለውን እብጠት በደንብ ያዩት ለፋይዳ መታወቂያ ፎቶ የተነሡ ዕለት ነው። እብጠቱስ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ከግራ ቅንድባቸው ከፍ ብሎ ሽንብራ አክሎ ጀመረ፣ ባቄላ ሆነ፣ ሲውል ሲያድር የእርግብ እንቁላል አከለ። አያምም፣ አያሳክክም። ቤታቸው ያለው መስታወትም ከበሩ ኋላ የተሰቀለ፣ ሩቡ የተሰነጠቀ ስለሆነ ሻሽ ለማስተካከል እንጂ ፊት ለማየት አይመችም። የምዝገባው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ወደሳቸው አዙሮ ፎቶው ይሁን ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ግን አንዲት የማያውቋት ሴትዮ አፈጠጠችባቸው፤ ከሴትዮዋም ቀድሞ እብጠቱ ይታይ ነበር።

ይሁን ብለው ወጡ። ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸውን ቄስ መልከ ጼዴቅን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ይኼ ነገር ይታያል ወይ ሲሉ ጠየቁ። ቄሱ በመሐል ሜዳ ከተማ የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ ሰው ሳያስቀይሙ መመለስ የለመዱ። ጥቂት አሰቡና «የቱ?» አሉ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ይህችን መልስ በሐሰት ምስክርነት መዘገቧት። ነገሩም እዚያው ላይ ተወሰነ፤ እብጠቱ ይወጣል።

የስድሳ አንድ ዓመት የቄስ ሚስት ለመልኳ ስትል ግንባሯን አስቀደደች እንዳይባል፣ ራሴን ያመኛል የሚል ወሬ አስቀድመው አሰራጩ። ጎረቤታቸው ጥሩሸዋ ግን ራስ ምታቱ የጀመረው ከፎቶው ማግስት መሆኑን ቆጥራ ደረሰችበት፤ ደርሳበትም ዝም አላለችም።

ስለ ወይዘሮ አመተሥላሴ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሠላሳ ሦስት ዓመት የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበሩ። በእጃቸው ያለፈው ክስ፣ የምስክር ቃልና ውሳኔ ቢከመር ቤት ይሞላል። እሳቸው ጡረታ ቢወጡም ዓይናቸው አልወጣም፤ ወረቀት ከሆነ ሳይነበብ አይታለፍም። የመድኃኒት መግለጫ ያነባሉ፣ የሳሙና መጠቅለያ ያነባሉ። አንድ ጊዜ የሠርግ ጥሪ ሲደርሳቸው አምስት ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ አርመው ለባለሠርጉ መልሰው ልከዋል። ሠርጉም ላይ ተገኝተዋል፤ አጠገባቸው ለመቀመጥ የደፈረ ግን አልነበረም።

እብጠቱን የሚያወጣላቸው ክሊኒክ ሩቅ አልነበረም። ዶክተር ምንተስኖት የሚባል፣ ቀየት የተወለደ ልጅ፣ አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ የግል ሆስፒታል የሚሠራ የገጽታ ቀዶ ሐኪም፣ መሐል ሜዳ ላይ «ገጸ በረከት» የሚል ክሊኒክ ከከፈተ አምስት ወር ሆኖት ነበር። ከብረታ ብረት ሱቁ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዶክተሩ ማክሰኞና ረቡዕ እየመጣ የእሳት ጠባሳ ያስተካክላል፣ የተቀደደ ጆሮ ይሰፋል፣ ኪንታሮትና እብጠት ያወጣል። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል። ፈገግታውም ጥሩ ነው፤ እናቱን የሚያውቁ ሰዎች የእናቱ ፈገግታ ነው ይላሉ።

ወይዘሮ አመተሥላሴ በመጀመሪያው ማክሰኞ ጋቢያቸውን ደርበው ደረጃውን ወጡ። አምስተኛው ደረጃ ላይ እንጨቱ ተሰብሮ ስለነበር እግራቸውን አንሥተው ተሻገሩ። እንግዳ ተቀባይዋ ስምንት ገጽ ያለው ቅጽ ሰጠቻቸውና የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ የሚፈርሙበትን መስመር በጣቷ አሳየቻቸው። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አራት ሰዎች ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈርመው ጨርሰዋል። ወይዘሮ አመተሥላሴ መነጽራቸውን አወጡ፣ ወደ አንደኛው ገጽ ተመለሱ፣ ማንበብ ጀመሩ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ዶክተሩ አንድ ሰው ጨርሶ ሸኝቷል። አራተኛው ገጽ ላይ ቀና አሉና አሳንሰሩ የት እንደሆነ ጠየቁ።

እንግዳ ተቀባይዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። አግዳሚው ላይ የነበሩትም ሳቁ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና የቅጹን ቃል አነበቡላት፦ ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአሳንሰር ወደ ማገገሚያ ክፍል ይወሰዳል። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። አምስት ወር ስታስፈርምበት ይህን መስመር አላየችውም ነበር።

ነገሩ በአሳንሰር አላበቃም። አምስተኛው ገጽ ሃያ አራት ሰዓት የሚጠብቅ የክሊኒኩ አምቡላንስ አለ ይላል። ስድስተኛው የማደንዘዣ ባለሙያ ከታካሚው አጠገብ አይለይም ይላል። ሌላው ደግሞ ከሰውነት የወጣው ነገር ላቦራቶሪ ታይቶ ውጤቱ በሁለት ቀን ይደርሳል ይላል። ወይዘሮ አመተሥላሴ በመስኮቱ አሻግረው ቢያዩ አምቡላንስ የለም፤ በር ላይ የቆመው የሾፌሩ የበዕውቀቱ ባጃጅ ብቻ ነው።

ዶክተር ምንተስኖት ራሱ ወጥቶ አናገራቸው። በትሕትና፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቅጹ ከሚሠራበት ሆስፒታል እንዳለ የተወሰደ መሆኑን አስረዳቸው። የእሳቸው እብጠት ስብ የቋጠረ ተራ ነገር ነው፤ ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፤ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ይህን ያህል አያስጨንቅም፣ ወረቀቱ ፎርማሊቲ ነው አላቸው።

«ዶክተር፣» አሉት፣ «ሠላሳ ሦስት ዓመት ስተይብ ፎርማሊቲ የሚባል ወረቀት አልገጠመኝም። ሰው ከፈረመበት ሁሉም ወረቀት ነው።»

ቅጹን ቤቴ ወስጄ ልየው ብለው ጠየቁ። ዶክተሩ እምቢ ማለት አልቻለም። እሳቸው ደረጃውን ሲወርዱ አንድ ከጓሳ በኩል የመጡ ገበሬ የፈረሙትን ወረቀት መልሱልኝ፣ እኔም ልየው አሉ። ማንበብ ባይችሉም ይዘውት ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ፍርድ ቤቱ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ የገዙት የጽሕፈት መኪና አላቸው። በማግስቱ ጠዋት አሥራ አንድ ጥያቄ ተይበው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ቀን ጽፈው ወሰዱለት። ዶክተሩ ሥራ ላይ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አነበበውና ፈገግታው ቀነሰ። ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት ነው በያቸው፣ ለመፈረም ሲዘጋጁ ይምጡ፣ ካልሆነም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሞልቷል አለ። እንግዳ ተቀባይዋ የመጨረሻዋን ትታ ሌላውን በለሰለሰ ቃል ነገረቻቸው፤ እሳቸው ግን የተተወ ቃል ማሽተት ስለሚያውቁ ተረዱት።

ወደ ታች ሲወርዱ ነርሷ እየሩስ ተከትላ መጣችና የተሰበረው ደረጃ ላይ ክንዳቸውን ያዘች። እየሩስ ቁጥብ ልጅ ናት፤ ከታካሚ ጋር እንኳ በዓይኗ ነው የምታወራው።

«እትዬ፣ ሰባተኛውን ጥያቄ አይተዉት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፤ መልስ ሳትጠብቅ ተመልሳ ወጣች።

ሰባተኛው ጥያቄ ስለ ኦክስጅን ነበር። ቅጹ ለድንገተኛ አደጋ የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር በክፍሉ ውስጥ አለ ስለሚል፣ ሲሊንደሩ መቼ ተሞላ፣ መሙላቱንስ የሚያየው ማነው ብለው ጠይቀው ነበር። ወይዘሮ አመተሥላሴ ቤታቸው ገብተው ጥያቄውን ደግመው አነበቡት። ምስክር ይህን ያህል ከተናገረች ከዚህ በላይ አትጠየቅም፤ እንጀራዋ ላይ ነው የቆመችው። እሷን ሳያነሡ ነገሩን እንዴት እንደሚያነሡት ሲያወጡ ሲያወርዱ ሳምንቱ አለፈ። ቄስ መልከ ጼዴቅ የገባቸውን ያህል ገብቷቸው፣ ራስ ምታቱ አሁን የምርም ሳይጀምር አልቀረም አሉ።

ማክሰኞ ሲደርስ ሰባተኛዋን ጥያቄ ብቻዋን በአንድ ወረቀት ተይበው ሄዱ። ለዶክተሩ በእጁ ሊሰጡት ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ጠበቁ። ውስጥ ኮከብ የምትባል መምህርት ነበረች፤ ማርያም የሳመቻት የሚሉትን አንገቷ ላይ ያለ ጥቁር ነገር ልታስወጣ ነው የገባችው። ደስ ብሏት፣ እየተጫወተች ነበር የገባችው።

ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። የእየሩስ እግር ሲሮጥ ተሰማ። ዶክተሩ ኮከብ፣ ኮከብ እያለ ሲጠራ ተሰማ፤ የምትጠራዋ አልመለሰችም። ቀጥሎ ብረት በብረት ላይ ሲንቋቋ፣ የቧንቧ ዓይነት ነገር ሲጠመዘዝ፣ እንደገና ሲጠመዘዝ ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ብድግ ብለው በሩ ድረስ ሄዱና እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ቆሙ፤ አልገፉትም። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ወደ እሳቸው ያያሉ።

ኮከብ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነቃች። ራሷን ስታ ነበር እንጂ የከፋ ነገር አልነበረም፤ እየተጫወተች ብትገባም ፈርታ ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው። እግሯን ወደ ላይ አንሥተው፣ መስኮት ከፍተው፣ የመንዝ ብርድ ፊቷን ሲመታት ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ የጠየቀችው ነገሩ ወጣ ወይ ብላ ነው። ዳነች። ግን ዶክተሩ በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ሲሊንደሩ ዘሎ፣ ቁልፉን ቢጠመዝዝ ምንም አልወጣም። መለኪያው ዜሮ ላይ ነበር።

ዶክተር ምንተስኖት ወጥቶ ጓንቱን እንዳደረገ አግዳሚው ላይ፣ ወይዘሮ አመተሥላሴ አጠገብ ተቀመጠ። ከንፈሩ ነጥቷል። እጃቸው ላይ ያለችውን ወረቀት አየ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ወረቀቷን ለሁለት አጠፏት፣ እንደገና ለአራት አጠፏትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት። የወደቀ ሰው ላይ ክስ አይነበብም። ተነሥተው ለኮከብ ስኳር የበዛበት ሻይ ከታች ይዘው መጡ፤ ዶክተሩ የቀሩትን ሰዎች ይቅርታ ጠይቆ አሰናበተና ክሊኒኩን ዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው መጣ። አንድ ኪሎ ብርቱካንና ስምንት ገጹን ቅጽ ይዟል። ክሊኒክ ውስጥ ዶክተር፣ እርስዎ ሲሉት የነበሩት ሴት እቤታቸው ግን ግባ፣ ተቀመጥ፣ ኮትህን አታውልቅ ይበርድሃል አሉት። ቄስ መልከ ጼዴቅ በብርጭቆ ጠላ ቀዱለት። ሁለት ጊዜ ተጎነጨና መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«እየሩስ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። ሦስቴም በሚቀጥለው ሳምንት አልኳት። ባዶ ነው ብላኝ እኮ ነው፤ እኔ ሊያልቅ ነው ያለችኝ አስመስዬ ሰማኋት።»

ወይዘሮ አመተሥላሴ ተነሡ። ከዚያ የጽሕፈት መኪናውን ልብስ ገፈፉና ወረቀት አስገቡ።

«እንግዲያ ከእሷ እንጀምር» አሉት።

የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ሆነ፦ ነርሷ አይሆንም ካለች ሥራው አይጀመርም፤ ሐኪሙ ምክንያቷን ሰምቶ ያስተካክላል። ዶክተሩ ይህን መስመር ሲያዩ በልባቸው የሚስቁ ሐኪሞች እንዳሉ ያውቃል። ቢሆንም ይሁን አለ።

ከዚያ ስምንቱን ገጽ መስመር በመስመር ሄዱበት። ሕጉ አንድ ነበር፤ ክሊኒኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲከፈት እውነት የማይሆን ነገር ይሰረዛል። አሳንሰሩ ተሰረዘ። በምትኩ ዶክተሩ ደረጃው እንዲጠገን ቃል ገባና እስኪጠገን ድረስ አልተጻፈለትም። የማደንዘዣ ባለሙያው ተሰረዘና ቦታውን ብቻ አደንዝዞ ከሚሠራ ሥራ በስተቀር እዚህ አይሠራም ተባለ፤ ዶክተሩ ለትልልቅ ነገር የመጡ ሦስት ሰዎችን ወደ አዲስ አበባ እንደሚልክ ገባው፣ ዋጥ አደረገው። ላቦራቶሪው ሁለት ቀን የሚለው እስከ ሦስት ሳምንት ሆነ። መብራት ከጠፋና ጄኔሬተሩ ካልተነሣ፣ መሣሪያው መቀቀያ ውስጥ ገብቶ ካልወጣ፣ ታካሚው ከደብረ ብርሃን ቢመጣም ከወፍ ዋሻ ቢመጣም ይመለሳል ተባለ። አምቡላንሱ ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ አመተሥላሴ ስልክ አንሥተው ለበዕውቀቱ ደወሉለት። በዕውቀቱ ለክሊኒኩ በተጠራ ጊዜ ተሳፋሪ አራግፎም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሊያደርስ ማለ፤ እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ግን ስልኩ ዝግ ነው። ይህም እንዳለ ተጻፈ። የባጃጁ ስልክ ቁጥር ገባ፣ ከሥሩም እሑድ በቅዳሴ ሰዓት አይገኝም ተባለ። ክሊኒኩ እሑድ እንደማይከፈት ዶክተሩ ቢናገርም፣ የተናገረውን ሰው እንዳለ መተየብ የቆየ ልማዳቸው ነው።

ቄስ መልከ ጼዴቅ ከመደቡ ላይ ሆነው የሰው ልጅ ሕይወት በእግዚአብሔር እጅ ነው የሚል መስመር ቢጨመር አሉ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ጣታቸውን ከፊደሉ ላይ አነሡ።

«እሱማ እውነት ነው። ግን እዚህ ከተጻፈ ሲሊንደሩን ያልሞላ ሰው ይደገፈዋል።»

ቄሱ አሰቡት። አሰቡትና ተይው አሉ። ዶክተሩ የቀረውን ጠላ በአንድ ጊዜ ጨለጠው።

ስምንቱ ገጽ ሁለት ገጽ ሆነ፤ እሱም ያልሞላ። ግርጌው ላይ ወይዘሮ አመተሥላሴ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተዉ። ታካሚው የሚያሳስበው ነገር ካለ ይጻፍ ይላል። ዶክተሩ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ፍርድ ቤት ተከሳሽ እንኳ የምትለው አለህ ወይ ይባላል አሉት።

ክሊኒኩ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ከረመ። ሲሊንደሩ ደብረ ብርሃን ሄዶ ተሞልቶ መጣ፤ እየሩስ በየጠዋቱ መለኪያውን አይታ የምትፈርምበት ደብተር ተሰቀለ። ደረጃው በዝግባ ተጠገነ። ሰው ከዚህ በኋላ ወይዘሮ አመተሥላሴ የመጀመሪያዋ ታካሚ ይሆናሉ ብሎ ጠበቀ። ቀጠሮም ተያዘላቸው።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ጉንፋን ያዛቸው። በሁለተኛው ማክሰኞ ጾም ነው አሉ። ቄስ መልከ ጼዴቅ በጾም ግንባር አይቀደድም የሚል ቃል በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ይህ ትልቅ ድፍረት ነው። በሦስተኛው ማክሰኞ ሄዱ፤ ሄደውም የሥራ ክፍሉ ሰዓት አራት ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱን፣ ቅጹ ላይ ደግሞ «መሣሪያ» የሚለው ቃል አንድ ቦታ በንጉሡ ‹ሠ›፣ ሌላ ቦታ በእሳቱ ‹ሰ› መጻፉን አገኙ። ቅጹን የተየቡት ራሳቸው ናቸው። ዶክተሩ ሰዓቱን ከግድግዳው አውርዶ አስተካከለ። ፊደሉንም በእስክሪብቶ አረመ። አርሞም አፉን በክንዱ ሸፈነ።

እየሩስ ቅጹን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሌላ የቀረ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ አመተሥላሴ ሁለቱን ገጽ ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የለም» አሉ። ከዚያ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ፈርቼ ነው።»

እየሩስ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አወጣችና ግርጌው ላይ ባለው ባዶ ቦታ «ታካሚዋ ፈርተዋል» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን መልሳ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ አመተሥላሴ አነበቡት። ፊደሉ ትክክል ነው፣ ነገሩም እውነት ነው። ከሥሩ ፈረሙ።

ውስጥ ሲገቡ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠየቋቸው፤ የሚወጣው ነገር የቱ እንደሆነ በጣታቸው እንዲያሳዩ ጠየቋቸው። መሐል ሜዳ ሁሉ የሚያውቀውን እብጠት ወይዘሮ አመተሥላሴ በክብር አሳዩ። ዶክተሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከበበው። መርፌው ቆንጠጥ አድርጎ አለፈ፤ ከዚያ ግንባራቸው የሌላ ሰው ግንባር ሆነ። ፊታቸው ላይ ጨርቅ ስላለ አያዩም፣ ይሰማሉ እንጂ። እየሩስ እጃቸውን ይዛለች። በመካከል አንድ ብረት መሬት ላይ ወደቀ፤ ምን ወደቀ አሉ ከጨርቁ ሥር። መቆንጠጫ ነው፣ ሌላ የተቀቀለ ተከፍቷል አላቸው ዶክተሩ። ጥሩ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ አልተናገሩም። ሲያልቅ የወጣውን አሳዩኝ አሉ። በጠርሙስ ውስጥ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ ነገር ነበር። ይኼን ይዤ ነው የዞርኩት አሉና፣ አዘኑለት መሰል፣ ካለፉት በኋላ እንደገና ዞረው ተመለከቱት።

እሑድ ነጭ ፕላስተር ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቅዳሴው ሲያልቅ ጥሩሸዋ ሴቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ራስ ምታቱ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀቻቸው። ለቀቀኝ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ቃል እንዳለ ሲመዘግቡ የኖሩ ሴት፣ ያቺን አንዲት ቃል ግን ሲናገሩ ፊታቸው ቀላ። ጥሩሸዋም እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

ክሩን ለማስፈታት በሰባተኛው ቀን ሄዱ። ቁስሉ ቀጭን መስመር ሆኖ ደርቋል። ከግሼ የመጣች አረጋሽ የምትባል ሴት አግዳሚው ላይ ነበረች፤ የልጇ እጅ በልጅነቷ እሳት በልቷት ጣቷ አይዘረጋም። አረጋሽ ፊደል ስላልቆጠረች እየሩስ ሁለቱን ገጽ ጮክ ብላ አነበበችላት። ወይዘሮ አመተሥላሴ ክራቸው ተፈትቶ ጨርሷል፤ መሄድ ይችሉ ነበር። አልሄዱም። ቅጹ ሲነበብ ለመስማት ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ምን ይጎድለዋል የሚል የደስታ ፊት ይዘው።

እየሩስ ስትጨርስ አረጋሽ የልጇን እጅ ወደ ጉልበቷ ሳበች።

«ይኼ ሁሉ ደግ ነው» አለች። «ሐኪሙ ራሱ የዚያን ቀን ቢያመውስ? ትኩሳት ይዞት እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ የሚያየው ማነው?»

ዶክተር ምንተስኖት በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ወደ ወይዘሮ አመተሥላሴ ዞሮ አየ። አሥራ አንድ ጥያቄ ተይበዋል፣ ስምንት ገጽ ፈትሸዋል፤ ሁሉንም ሲያዩ ሰውየውን አላዩትም።

«አላሰብንበትም» አለ ዶክተሩ።

አረጋሽ ይኼማ ቀላል ነው አለች። እነሱ ዘንድ በግ የሚሸልት ሰው እንኳ ጠዋት ሲመጣ ባለቤቱ እጁን ጨብጦ ነው የሚያስጀምረው፤ የታመመና ጠጥቶ ያደረ እጅ በመጨበጥ ይታወቃል። እንግዲህ ነርሷም ጠዋት ሐኪሙን ትጨብጠው። እየሩስ አንገቷን ሰበረች። ዶክተሩ ግን ጓንት ያላደረገ እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው፣ ትንሽ ያዘችው፣ ደህና ነው አለች።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው የቅጹ ጠርዝ ላይ በሚያምረው ጽሕፈታቸው ጻፉት። ለአረጋሽም አነበቡላት። አረጋሽ እንደገና ያንብቡልኝ አለቻቸው፤ እንደገና አነበቡላት። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ ከመስመሩ ሥር አተመች፣ ጣቷንም በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ልጇን ተነሺ አለቻት።